የሸዋረገድ ስድቦች

ነቀምቴ ውስጥ ጃንጥላው የተሰበረበት ሰው ብዙ አይጨነቅም። የጉቴ፣ የአኖና የአርጆ ሚኒባሶች ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በረንዳ ላይ ጋሽ አምባዬ አሉለት። ሽቦው ቢጣመም ያቃኑታል፣ ጨርቁ ቢተረተር ይሰፉታል፣ አልከፈት ካለ ደግሞ ሻማ ቀብተው፣ አባብለው፣ ትንሽም ገሥጸው ይከፍቱታል። ዝናብ መጥቶ መሄድ በሚረሳው በዚህ አገር፣ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ መምህርም ሆነ የአርጆ ነጋዴ፣ በሳቸው እጅ ያላለፈ ጃንጥላ ይዞ አይታይም።

ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። አባታቸው ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው፣ ኦሮምኛውን ከማንም እኩል ያቀላጥፉታል። አማርኛው የቤት ነበር፤ የሳቸውና የሚስታቸው የሸዋረገድ። ሸዋረገድ ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ ቤቱ ውስጥ አማርኛም አብሮ ጡረታ ወጣ። ልጃቸው ሕሩይ ከሚስቱ ከደራርቱ ጋር የሚያወራው በኦሮምኛ ነው፤ የሚጣሉትም በኦሮምኛ፣ የሚታረቁትም በኦሮምኛ። ጋሽ አምባዬ በዚህ ቅር አላላቸውም። ማለት፣ ትንሽ ብቻ።

ተስፋቸውን ሁሉ የጣሉት በልጅ ልጃቸው በሊሊሴ ላይ ነበር። ሊሊሴ አራት ዓመት ተኩል ናት። ቀትር ላይ ከሙአለ ሕፃናት ስትለቀቅ ቦርሳዋን እየጎተተች በረንዳው ላይ ትመጣለች፤ እናቷ ከጤና ጣቢያ እስክትወጣ ድረስ ከሰዓቱ በሙሉ የሳቸው ነው። ተረት ይነግሯታል፣ በአማርኛ። ጅቡ ሲወድቅ በትክክለኛው ቦታ ላይ ትስቃለች፤ ጦጣዋ ስታለቅስ ከንፈሯን ትጥላለች። ሁሉም ይገባታል። መልሷ ግን በኦሮምኛ ነው።

«አንዲት ቃል ብቻ በአማርኛ በይኝ፤ ሸንኮራ እገዛልሻለሁ» ይሏታል።

«ለኪ፣ አካኮ» ትላለች፤ አይሆንም፣ አያቴ ማለቷ ነው። ሸንኮራውን ግን ትቀበላለች።

ጋሽ አምባዬ ቀናተኛ ሰው ናቸው፤ ይሄን መደበቅ አይቻልም። አርጆ ያለችውን የእናቷን እናት ይቀኑባታል፤ ማር ትልካለችና። አስተማሪዋን ቦንቱን ይቀኑባታል፤ ሊሊሴ የሷን አረማመድ ትኮርጃለችና። ከሁሉ በላይ ግን እንቅልፍ የሚነሳቸው ቀጀላ ነው።

ቀጀላ የሚኒባሶቹ ተራ አስከባሪ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቁመቱ የስልክ እንጨት፣ ድምፁ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ። «ጉቴ ጉቴ ጉቴ! አኖ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ጃንጥላዎቹ ግድግዳው ላይ የሚንቀጠቀጡ ይመስላል። ይጣራል፣ ከዚያ ይሳደባል፣ ከዚያ ደግሞ ይጣራል። ተራ ያልጠበቀውን ሹፌር ይሳደባል፣ መሐል የገባውን ባጃጅ ይሳደባል፣ ጎማውን፣ ፍየሉን፣ ዝናቡን ይሳደባል። «ከብት» እና «ደደብ» ለሱ የማለዳ ሰላምታ ናቸው፤ ሞቅ ሲለው የሚያወጣቸውን ደግሞ ወረቀት አይሸከማቸውም። እና ይሄ ሁሉ ስድብ በአማርኛ ነው!

ሊሊሴ ይሄን ሰው ታመልከዋለች። ለምን እንደሆነ ጋሽ አምባዬ ያውቃሉ። መኪናው ሲሞላ ቀጀላ አቅፎ ያነሳታል፤ እሷ በትንሽ መዳፏ የመኪናውን ጎን ሁለቴ ትመታለች፣ ጧ ጧ፤ መኪናውም ይሄዳል። ተረት የሚያወራ አያት፣ መኪና ከሚያስነዳ ሰው ጋር እንዴት ይወዳደር?

አንድ የሰኔ ማክሰኞ፣ ጋሽ አምባዬ የአንዲት ነርስ ጃንጥላ ሲሰፉ መርፌው ጣታቸውን ወጋቸው። «እህ!» አሉ። ሊሊሴ ከትንሿ መቀመጫዋ፣ ከዱካዋ ብድግ ብላ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ጥርት ባለ አማርኛ ጮኸች፦

«አንተ ከብት! ዓይንህን የት ጥለኸው ነው!»

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጋሽ አምባዬ የተሰማቸው ደስታ ነበር። አማርኛ! ሙሉ ዓረፍተ ነገር! ከዚያ ግን ነገሩ ገባቸው። ይሄ ድምፅ የማን ነው? ይሄ ወገብ አያያዝ የማን ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ ጅብና ጦጣ ሲያመላልሱ ያላገኙትን፣ ያ ሰው ከመንገዱ ማዶ፣ ሳያስበው፣ በነጻ ሰጣት። ጣታቸው መድማቱን ረሱ።

የባሰው ማታ ጠበቃቸው። ደራርቱ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አባባ፣ መምህርት ቦንቱ ጠርታኝ ነበር» አለች፤ ለሳቸው ስትል በአማርኛ። «ሊሊሴ አንዱን ሕፃን ሰድባዋለች። ምን እንዳለችው ልደግመው አልችልም።»

«ምን…»

«‹ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገረው ማነው?› አለችኝ።»

 ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ማንኪያ እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል።

«እኔ? ደራርቱ፣ እኔ ነኝ እንዲህ የማስተምራት? ያ ቀጀላ የሚባለው ነው!»

«እርስዎ ነዎት አላልኩም። ግን ከሰዓቱን የምትውለው እዚያ ነው። ትምህርት ሊዘጋ ነው። አፏ በዚሁ ከቀጠለ ክረምቱን ሙሉ አርጆ እናቴ ጋ እልካታለሁ። አርብ እመጣና አያለሁ።»

ክረምቱን ሙሉ! ጃንጥላ እንደ እንጉዳይ የሚፈላበት፣ እሷ ሽቦ የምታቀብልበት፣ እግሯን እግራቸው ላይ ጭና ጠብታ የምትቆጥርበት ክረምት! ለዚያች ማር ላኪ! ያን ሌሊት ጋሽ አምባዬ አልተኙም ቢባል ማጋነን የለበትም።

ረቡዕ ማለዳ መንገዱን ተሻገሩ።

«አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ አምባዬ!» አለ ቀጀላ፤ እንዴት አደሩ ሲል ኮፍያውን እስከ ማንሳት ይደርሳል፣ ሰው አክባሪ ነው። ይሄም ራሱ ያበሳጫል።

«ደህና አላደርኩም። ልጄን አበላሸህብኝ።»

ነገሩን በሙሉ ሲሰማ የቀጀላ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

«ሊሊሴ? እንደዛ አለች? እኔ እኮ… ኦቦ አምባዬ፣ እኔ በኦሮምኛ ተሳድቤ አላውቅም። አንዲት ቀን! በኦሮምኛ ከተሳደብኩ እናቴ ጉቴ ሆና የምትሰማኝ ነው የሚመስለኝ፣ አፌ ይታሰራል። በአማርኛ ሲሆን ግን ያው ቀላል ነው፣ ድምፅ ነው፣ ጡሩምባ እንደ መንፋት።»

«ጡሩምባ!» ጋሽ አምባዬ ጺማቸው ቆመ። «እኔ የምጸልይበት ነው። ሚስቴን የለመንኩበት፣ ሚስቴን የቀበርኩበት ነው። አንተ የራስህን ቤት ጠርገህ፣ ቆሻሻውን የኔ ደጅ ላይ ደፋኸው?»

ቀጀላ መሬት መሬት አየ። እንዲህ አስቦት አያውቅም። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዝም» አለና በጣቱ አፉ ላይ መስቀል ሠራ።

ዝምታው ስንት ሰዓት የቆየ ይመስላችኋል? እስከ ስድስት ሰዓት። ጋሽ አምባዬ ከበረንዳቸው ሆነው ያዩታል፤ አንዱ ባጃጅ መሐል ገባ፣ ቀጀላ ጉንጩን ነፋ፣ ዋጠው። አንዱ ሹፌር ተራ ዘለለ፣ ቀጀላ ቲማቲም መሰለ፣ ዋጠው። ልክ ሊሊሴ ቦርሳዋን እየጎተተች ስትደርስ፣ አንድ የአርጆ ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲመለስ የቀጀላን እግር ሊረግጥ ለትንሽ ቀረው። ጠዋቱን ሙሉ የተዋጠው ሁሉ ባንዴ ወጣ። የሹፌሩ እናት፣ የሹፌሩ አባት፣ ሚኒባሱን የሠራው ፋብሪካ፣ ማንም አልቀረም።

ሊሊሴ በደስታ አጨበጨበች።

ቀጀላ ራሱን ይዞ ወደ በረንዳው መጣ። «አልቻልኩም፣ ኦቦ አምባዬ። አፌ ባዶ ሲሆን ያው የለመደው ይገባበታል። ምትክ ይስጡኝ። እርስዎ ቤት ሲናደዱ ምን ይባላል?»

ጋሽ አምባዬ ምን እንደሚባል በደንብ ያውቃሉ። ሸዋረገድ በሕይወቷ ክፉ ቃል አውጥታ አታውቅም፤ ስትናደድ ግን የራሷን ስድብ ትሠራ ነበር፤ እንደ ሌላው ሴት ቀሚስ፣ በልክ። ለወሬኛው፦ «አንተ ክዳኑ የጠፋ ድስት!» ለግትሩ፦ «ያልበሰለ ቦሎቄ!» ሥራ ለሚያንቀራፍፈው፦ «ዝናብ ያገኘው በርበሬ!» ከሞተች ወዲህ እነዚህን ቃላት ማንም አልተናገራቸውም። ጋሽ አምባዬ አንዳንዴ ለብቻቸው፣ በረንዳው ጭር ሲል፣ በሹክሹክታ ይሏቸዋል። እና አሁን አውጥቶ ለዚህ ሰው? ልጅቷን ለወሰደባቸው ሰው፣ ሚስታቸውንም ጨምሮ ይስጡት?

ቀና ሲሉ ሊሊሴ የቀጀላን ሱሪ ይዛ ቆማለች። አርጆ ትዝ አላቸው። ማሩ ትዝ አላቸው።

«ቁጭ በል» አሉት። «አንድ ጊዜ ነው የምናገረው።»

ሐሙስን ሙሉ ተለማመዱ። ቀጀላ ከመንገዱ ማዶ ይጮሃል፣ ጋሽ አምባዬ በረንዳው ላይ በመርፌያቸው ያርማሉ። «‹ክዳኑ› ላይ አትሩጥ! እሷ ‹ክዳኑ› ላይ ቆም ትል ነበር፣ ሰውየው ራሱን እስኪዳብስ!» ሰው ስድብ ሲያጠና አይቶ የማያውቀው ሕዝብ ቆሞ ይስቃል። የአኖው ሹፌር «ያልበሰለ ቦሎቄ» ሲባል ሞተሩን አጥፍቶ ሳቀ። ቀጀላ የራሱ ግኝት የሆነ ይመስል ደረቱን ነፋ፤ ይሄ ጋሽ አምባዬን አንገበገባቸው። አንዲቱን ስድብ ግን አልሰጡትም። እሷ የሳቸው ነበረች፤ ሸዋረገድ ለሳቸው ብቻ የሠራችው።

አርብ ደራርቱ መጣች። ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። በረንዳው ጫፍ ላይ እንደ ፈታኝ ቆመች። በዚችው ቅጽበት፣ ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል፣ ያ የአርጆው ሚኒባስ ተራ ዘሎ አፍንጫውን መሐል ሰነቀረ። ቀጀላ አፉን ከፈተ። ጋሽ አምባዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንተ ክዳኑ… የጠፋ ድስት! ውጣ ከዚህ፣ ዝናብ ያገኘው በርበሬ!»

ሊሊሴም ተከትላ፣ ከበረንዳው፣ በቀጭን ድምፅ፦ «ያልበሰለ ቦሎቄ!»

ጋሽ አምባዬ ዓይናቸውን ሲገልጡ ደራርቱ በእጇ አፏን ይዛለች።

«አባባ… ይሄ የእማማ ሸዋረገድ አይደለም እንዴ? ‹ያልበሰለ ቦሎቄ› ያለችኝ እኮ እኔን ነው! የሰርጌ ሰሞን፣ ምጣዱን ስሰብር!» ሳቋና እንባዋ ተደባለቀባት። «ድጋሚ እሰማዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።» ከዚያ ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ፣ ማን አስተማረሽ አለቻት።

«ቀጀላ!» አለች ሊሊሴ በኩራት።

ወይ ግፍ! ጋሽ አምባዬ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ሰክተው ተዉት። ደራርቱ «አርጆ ሁለት ሳምንት ይበቃታል፤ ቀሪው ክረምት የእናንተ ነው» ስትል እንኳ፣ ደስታቸው ሙሉ አልሆነም። ሁለት ሳምንትም ሁለት ሳምንት ነው። ቀጀላ ደግሞ ቀጀላ ነው።

ደራርቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ስትገባ ልጅቷን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ። ወዲያና ወዲህ አይተው ጆሮዋ ላይ ጎነበሱ።

«አንድ የቀረ አለ። ለማንም አልነገርኩም። አያትሽ እኔን፣ ስናደድ፣ እጄን ሳወናጭፍ፣ ‹አንተ ንፋስ የገለበጠው ጃንጥላ!› ትለኝ ነበር።»

ሊሊሴ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጃንጥላዎች አየች፤ የአያቷን እጅ አየች፤ ከዚያ ሳቋ እስከ ሚኒባሶቹ ተሰማ። ዱካዋ ላይ ወጥታ፣ ጣቷን ወደሳቸው ቀስራ፣ «ንፋስ የገለበጠው ጃንጥላ!» አለች። ደገመችው። ሠለሰችው።

ቀጀላ ጆሮው ቀጭን ነው። ሰማ። ወዲያው አንዱን ባጃጅ አገኘና ባለ በሌለ ድምፁ፦

«አንተ ንፋስ የገለበጠው ጃን…»

«አይሆንም!»

ሊሊሴ ነበረች። ከዱካዋ ወርዳ የበረንዳው ጫፍ ድረስ ሮጣ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ ቀልቶ። ማንም ያላስተማራትን፣ አንድ በአንድ እየፈለገች፣ በአማርኛ ተናገረች፦

«አንተ አትበለው! እሱ የኔ ነው! የኔና የአካኮ ብቻ!»

ቀጀላ ሁለት እጁን አነሳ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ የኔ እመቤት!»

ተመልሳ መጥታ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ የአያቷን ሱሪ ያዘች። ጋሽ አምባዬ ጎንበስ ብለው መርፌያቸውን መፈለግ ጀመሩ። ለረጅም ጊዜ ፈለጉት። ጨርቁ ላይ ተሰክቶ ነበር።