ሊወረስ የነበረው ስፓዛ

አሌክሳንድራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሀቢሶን የማያውቅ የለም፤ ስሙን የሚያውቅ ግን የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦ፣ ፓራፊን የሚሉትን ነጭ ጋዝና የስልክ ኤርታይም ሲሸጥ ደንበኛው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል፤ እሱም መልሶ «ማይ ፍሬንድ» ይላል። በዚህ ስምምነት ሁለቱም ወገን ስም ከመሸምደድ ተገላግሎ በሰላም ኖሯል።

የተወለደው ሆሳዕና ነው። አፉን የፈታው በሀዲይኛ ነው። አማርኛን ከትምህርት ቤትና ከጸሎት ቤት፣ ዙሉን ከፍርግርጉ ማዶ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከብስኩት ማሸጊያ ላይ ለቃቅሟል። ስለዚህ የብስኩት ነገር ከሆነ እንግሊዝኛው እንከን አይወጣለትም። ከማዘጋጃ ቤት ለሚመጣ ደብዳቤ ግን አይበቃም።

እዚያ አገር ስፓዛ የሚባለው የሰፈር ሱቁ የሚገኘው በጎጎ ኖምቩላ ቤት የፊት ክፍል ውስጥ ነው። ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው፤ ኖምቩላም የሰማንያ አንድ ዓመት አከራዩ ናቸው። የቀይ ጡብ ቤቱን የሠሩት ጫማ ሰሪው አባታቸው ናቸው። ድሮ፣ የአውቶቡስ ዋጋ ጨመረ ተብሎ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አንሳፈርም» ብሎ ወራት ሙሉ ከተማ ድረስ በእግሩ ሲመላለስ፣ ያ ጫማ ሰሪ እዚያው የፊት ክፍል ተቀምጦ የእግረኛውን ጫማ በነጻ ይሰፋ ነበር። ጎጎ ይህን ታሪክ ለሀቢሶ አርባ ጊዜ ያህል ነግረውታል። ሀቢሶ ግን «ጫማ፣ ጫማ» ሲሉ ብቻ ስለሚሰማ አንድ ቀን ስድስት ጥንድ ሸበጥ አምጥቶ መደርደሪያ ላይ ሰቀለላቸው። ጎጎ አዩት፤ ተነፈሱ፤ አንዱን ጥንድ ገዙት።

ደብዳቤው የመጣው በግንቦት ነው። አንዱ ቅጂ ለጎጎ፣ አንዱ ለተከራዩ። ሀቢሶ ማኅተሙን ሲያይ ደብዳቤውን እሑድ እስኪደርስ ድረስ ከሩዝ ከረጢት ሥር ደብቆ አቆየው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለወንድም ጌዴዎን አቀረበለት። ጌዴዎን ቤሪያ የሚባል ሰፈር የሚኖር የጸሎት ቤቱ ጸሐፊ ነው። የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ የሐኪም ትእዛዝ፣ የትምህርት ቤት ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉም በእሱ እጅ ያልፋል። ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መዝገበ ቃላት አለው፤ አንድ ደንብም አለው፤ መዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ የሰጠውን ትርጉም ይወስዳል። ሁለተኛውን ማየት እሱ ዘንድ ጥርጣሬ ነው፣ ጥርጣሬም ኃጢአት ነው።

ደብዳቤውን አንገቱን እየነቀነቀ አነበበ። መሐል ላይ «ሄሪቴጅ» የሚል ቃል ገጠመው። ገለጠ፣ ጣቱን አስኬደ፣ አገኘ፣ ፊቱም ጠቆረ።

«ወንድም ሀቢሶ፣ አይዞህ፤ እግዚአብሔር ይረዳሃል» አለ። «ቤቱ ውርስ ሆኗል።»

«ምን አልክ?»

«ሊወረስ ነው። መንግሥት ለሕዝብ ሊወርሰው ነው። በሚቀጥለው ወር በሁለተኛው ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ አለ፤ ተቃውሞ ያለው ይምጣ ይላል።»

ትክክለኛው ቃል ቅርስ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ያሰበው ቤቱን ቅርስ ብሎ መዝግቦ እንዳይፈርስ መጠበቅ ብቻ ነው። ውርስና ቅርስ የሚለዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ ነገር ግን በስልሳ ሰባት ሐምሌ ስምንት ዓመቱ ለነበረ የሆሳዕና ልጅ በዚያች ፊደል ውስጥ አንድ ሙሉ ቤት ይገባል።

በዚያ ሐምሌ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ ተባለ። የሀቢሶ አባት አቶ ኤርሱሞ ከሚኖሩበት ሌላ፣ ከገበያው በላይ፣ ለልብስ ሰፊ ያከራዩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ነው የገዙት። የቀበሌ ሰዎች መጡ። በሩ ላይ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ መቱ። አቶ ኤርሱሞ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ዝም አሉ። ንጉሡ ከወረዱ ዓመት ሊሞላ ነበር፤ ተረቱን ግን ያወረደው አልነበረም። መዝጋቢው የሚጽፍበት አጥቶ ሲቸገር አባትዬው ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። በጀርባቸው ላይ ተጻፈ፤ ቀና ብለውም ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ወደ ገበያ ሲሄዱ በዚያ መንገድ አላለፉም። ሀቢሶ ይህን ቆሞ አይቷል። ከቤቱ ይልቅ ያቺ ጎንበስ ማለት ናት ያንገበገበችው፤ ዛሬም ድረስ ታንገበግበዋለች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ሀቢሶም በዚያው ሳምንት የጭነት መኪና ተከራየ። ቤት የወረሰ መንግሥት ዕቃ አይምርም ብሎ ትልቁን ፍሪጅ፣ ዱቄቱንና የታሸገውን ዓሣ ቮስሎሩስ በሚባል ሌላ ሰፈር ወደሚነግደው ወዳጁ ወደ ሲላስ ሱቅ አሸሸ። መደርደሪያው ላይ ሻማ፣ ክብሪትና አምስት ጥንድ ሸበጥ ቀረ። ደንበኛው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ፣ ልትዘጋ ነው?» እያለ ሻማ ገዝቶ ሄደ።

ሚስቱ ጽጌሬዳ ሦስት ቀን ታገሠችና በአራተኛው ፈነዳች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ የኛ አይደለም። የሰው ቤት አንተ ላይ እንዴት ነው የሚወረስብህ?»

«የሚወረስ ቤት ሁሉ የሰው ነው» አላት።

«እሺ አዛውንቷ ለምን አልደነገጡም? የሚደነግጠው ባለቤት ነው ወይስ ተከራይ?»

ይህ ሀቢሶንም ሲከነክነው ነበር። ጎጎ ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ ሲያዜሙ ነው የሚውሉት። ለስብሰባው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ባርኔጣ ገዝተዋል። አንድ ጠዋት ዳቦ ሊወስዱ ሲመጡ፣ ሀቢሶ ያለ የሌለ ዙሉውን ሰብስቦ፣ መንግሥት ቤቱን ሊወስድ መሆኑን በሐዘን አስረዳቸው።

«ሃይቦ!» አሉ ጎጎ በመገረም። «አይወስዱም። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ ሊመቱልን ነው!» በእጃቸው የሳህን ያህል ክብ ሠርተው አሳዩት።

ሀቢሶ ቀዘቀዘ። እሱ የሚያውቀው መንግሥት የመታው ሰሌዳ አንድ ነው፤ በአባቱ በር ላይ የተመታው። ሴትዮዋ አርጅተዋል፣ ነገሩ አልገባቸውም፣ እየወረሷቸው ይዘፍናሉ ብሎ በጣም አዘነላቸው። የዚያን ቀን የዳቦውን ዋጋ አልተቀበላቸውም። ጎጎ ደግሞ ልጁ በሰሌዳው ደስ ብሎት ነው ብለው ባረኩት።

ነገሩን የቆረጠው ያኔ ነው። አባቱ ዝም ብለዋል፤ እሱ ዝም አይልም። ቤቱ ይሂድ፣ ሱቁም ይሂድ፤ አንድ ሰው ግን ቆሞ «አይሆንም» ይበል። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥትን በቃል ሊቃወም ነው። ፈርቷል፤ መፍራቱንም አልደበቀም። ጽጌሬዳ ሸሚዙን ተኮሰችለት፤ እየተኮሰችም አጉተመተመች።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ ከጌዴዎን ጋር አዳራሽ ገባ። ጌዴዎን መዝገበ ቃላቱን ታቅፏል። የሰፈሩ ሰው ሞልቷል፤ ጎጎ ኖምቩላ ከነባርኔጣቸው የፊት ወንበር ላይ ናቸው። መነጽር ያደረገች የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ብዙ ነገር በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ከዚያ «ተቃውሞ ያለው?» ብላ ጠየቀች። ለወጉ ነበር የጠየቀችው፤ ወረቀቷን መሰብሰብ ጀምራለች።

ሀቢሶ ቆመ።

«ስም?» አለች።

«ማይ ፍሬንድ ነው!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

«ሀቢሶ ኤርሱሞ» አለ ሀቢሶ። ሰዎች ዞረው አዩት።

ከዚያ በዙሉና በእንግሊዝኛ፣ የጎደለውን በእጁ እየሞላ ተናገረ።

«ስምንት ዓመቴ ነበር። መንግሥት መጣ፣ የአባቴን ቤት ወሰደ። አባቴ ዝም አለ። መጻፊያ አጡ፣ ጀርባውን ሰጣቸው። አባቴ ፈሪ አልነበረም፤ የሚሰማው ሰው ስላልነበረ ነው። ዛሬ ወረቀት ልካችሁ ተቃውሞ ያለው ይምጣ አላችሁ። መጥቻለሁ። እኔን ካስፈለገ አስወጡኝ፤ እንግዳ ነኝ። የጎጎን ቤት ግን አትውሰዱ። አባታቸው የሠሩት ቤት ነው። በገዛ በራቸው እንደ መንገደኛ አታሳልፏቸው።»

ጎጎ ኖምቩላ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ይህን ማን ነገረህ?» አሉት። «የአባቴን ነገር ማን ነገረህ? የቤቱን ወረቀት መንግሥት ነጥቆት በገዛ ቤቱ ተከራይ ሆኖ ነው የሞተው፤ ወረቀቱ ለኔ የተመለሰው ኋላ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«የኔን አባት ነው የምናገረው፣ ጎጎ።»

ጎጎ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መልሰው ለማድረግም አልቸኮሉም።

ባለሙያዋ መነጽሯን ጠረገች። ከዚያ በዝግታ፣ ቃላት እየመረጠች፣ ማንም ቤቱን እንደማይወስድ፣ ወረቀቱ ጎጎ እጅ እንደሚቀር፣ ሱቁም እንደሚቀጥል፣ መንግሥት የሚለው «ይህ ቤት ታሪክ አለውና ያለ ፈቃድ አታፍርሱት» ብቻ እንደሆነ አስረዳችው። ሀቢሶ ወደ ጌዴዎን ዞረ። ጌዴዎን ገጹን ገልጦ ጣቱን አስኬደ።

«ሁለተኛው ትርጉም ላይ...» አለ። «ቅርስ ይላል።»

«ሁለተኛውን ለምን አላነበብከውም?»

«የመጀመሪያው በቂ መስሎኝ።»

ሀቢሶ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ቁጣው አልመጣለትም። ፍሪጁን ከቮስሎሩስ ማስመለስ እንዳለበት አሰበ። ከዚያ ተቀመጠ።

ሰው ሲበተን ባለሙያዋ ጠራችው። ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ ስለ ገባ፣ ማንሣቱን በፊርማ ማረጋገጥ ነበረበት። ጌዴዎን በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ያለውን «ዊዝድሮው» የሚለውን ቃል ትርጉም አንድም ሳያስቀር አነበበለት፤ «ማፈግፈግ፣ ከባንክ ማውጣት፣ መተው።»

«አላፈገፍግም» አለ ሀቢሶ።

«ቤቱ እንዲጠበቅ አይፈልጉም?» አለች ሴትዮዋ።

«የጎጎ ቤት ይጠበቅ፤ ደስ ይለኛል። ለሱ እፈርማለሁ። ተቃውሞዬ ግን አይነሣ። አድራሻውን ቀይሩት። ሆሳዕና በሚለው ይቀየር።»

ጌዴዎን በአማርኛ ጎተተው። «ወንድም ሀቢሶ፣ ሃምሳ ዓመት አለፈ እኮ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል።»

«ይጩኻ!»

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ኢትዮጵያ ውስጥ ምንም ሥልጣን የለንም።»

«አውቃለሁ።»

«ማንም ቤቱን አይመልስልዎትም።»

«አውቃለሁ። እንዲመለስ አይደለም። አንድ መንግሥት እንደ ሰማ ማኅተም ይደረግበት።»

ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ቀጥሎ ከመሳቢያዋ አዲስ ቅጽ አወጣች።

«የሚገኝበት?»

«ሆሳዕና። ከገበያው በላይ።»

«ዓይነቱ?»

«ሁለት ክፍል። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ።»

«ከስልሳ ዓመት በላይ ነው?»

ሀቢሶ በጣቱ ቆጠረ። «ስልሳ ሁለት።»

«እንግዲያው ለቅርስነት በዕድሜው ያሟላል» አለች፤ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። «የተቃዋሚው ዝምድና ከባለቤቱ ጋር?»

«ልጁ ነኝ።»

ጻፈች። ማኅተሙን ቀለም ላይ ጫን አድርጋ ቀንና «ደርሶናል» የሚለውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ቅጂውን አጥፋ ሰጠችው፤ ከኋላው ቆሞ የሚጠብቀውንም ሰው ጠራች።

ሀቢሶ ውጭ ወጥቶ ታክሲዎቹ ከሚያጨናንቁት ጥግ ላይ ቆመና ወረቀቱን ዘረጋው። ይህን ለማንበብ ጌዴዎን አላስፈለገውም። በአራተኛው መስመር ላይ ባለቤት ይላል፤ ከጎኑ ኤርሱሞ ተብሎ ተጽፏል። ከስልሳ ሰባት ሐምሌ ወዲህ በዚያ ቃል አጠገብ የአባቱን ስም የጻፈ መንግሥት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሀቢሶ እዚያው መንገድ ላይ፣ ደንበኞቹ ሁሉ እያዩት፣ አለቀሰ።