ብልቃጡ ላይ አለ የተባለው አሻራ

ባለፈው ሳምንት አውቶቡሳችን ጋሸና ላይ ለምሳ ቆሞ፣ አስተናጋጇ ብርጭቆ በሽርጧ ወልወል አድርጋ ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ሳላስበው አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሳቀብኝ። ሽሮው እስኪመጣ ልቤ ወደ ወጣትነቴ ሄደ።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተቀጠርኩት ላስታ ውስጥ፣ የውሃ ሥራ ላይ ነበር። የውሃን ድፍርስነት መለካት ያስተማሩኝ አለቃዬ ጋሽ ደምሰው ናቸው፤ እንደ አባት። መለኪያ መሣሪያው ውስጥ የሚገባውን ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አንገቱ ላይ ብቻ እንድይዝ፣ በሚለካው ውሃ ደጋግሜ እንዳለቀልቀው፣ አረፋው እስኪጠፋ እንድታገሥ፣ ከዚያ የመስታወቱን ጭረት እንዲሸፍን ጠብታ ዘይት ቀብቼ ክር በማይለቅ ጨርቅ እንድወለውለው አሳዩኝ።

«መሣሪያው ድፍርሱን ከጣትሽ አሻራ አይለይም» ይሉኝ ነበር። ሲያመሰግኑኝ ቀኑን ሙሉ ደስ እንዳለኝ እውል ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከላሊበላ ወጣ ባለ መንደር አዲስ ቦኖ ሊመረቅ ሄድን። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነው፤ የባቄላው አበባ ያውዳል። እንግዶች መጥተዋል፣ ሙክት ታርዷል። ጋሽ ደምሰው ያዘጋጀሁትን ብልቃጥ ተቀብለው በፀሐይ አገላብጠው አዩና «እንከን የለውም፣ ጎበዝ» ብለው ራሳቸው መሣሪያው ውስጥ ከተቱት። ቁጥሩ ከሚፈቀደው በላይ ወጣ። ደግመን ለካን፤ ያው ነው። ምንጩ ጎርፍ ገብቶበታል።

«ምን አለ?» አሉ የመንደሩ ቄሰ ገበዝ።

ጋሽ ደምሰው ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ውሃው ደኅና ነው። ልጅቷ ብልቃጡን በጣቷ ነክታው ነው።»

ሰው ሁሉ እጄን አየ። «ኧረ አልነካሁትም!» ብልም እልልታው ዋጠው። ቄሰ ገበዙ ትከሻዬን መታ አድርገው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። ደግነታቸው ባሰብኝ። እናቶች ልጆቻቸውን ከቦኖው አጠጡ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አይተውታል» አልኳቸው።

«ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ምን ልበል? አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ ይረሱልሻል» አሉ፣ መንገድ መንገዱን እያዩ።

ብዙም ሳይቆይ የመንደሩን ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው፤ ቦኖውም ተዘጋ። በጋ ሲገባ ምንጩ እንደገና ተሠራ። እኔን ግን «ልኬቱን ያበላሸችው» ተብዬ መሣሪያውን የሚያስነካኝ ጠፋ። ዝውውር ጠይቄ ወልድያ ገባሁ።

ጋሽ ደምሰው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ በየበዓሉ ይደውሉልኛል። ያንን ቀን እሳቸውም አያነሱት፣ እኔም አላነሳው። ይመርቁኛል፣ «አሜን» እላለሁ። የሚያንገበግበኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ይቅር ብያቸው ይሁን ይሉኝታ ይዞኝ፣ አላውቅም። እስከ ዛሬ ሥራዬን የምሠራው እሳቸው ባሳዩኝ መንገድ ነው። ከሁሉ የሚከብደኝም እሱ ነው።