የሴሉ መሪ ማን ነው?

የዚያን ቀን ያጠፋሁት ጥፋት አንዲት ቃል ብቻ ነች። የኅብረት ሱቅ ሰልፍ መሃል ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሴል» አልኩ። በደርግ ጊዜ ያልኖረ ሰው ታዲያ ምን አለበት ይላል። የኖረ ሰው ግን ከአሁኑ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል። ያን ጊዜ ሴል ማለት በኅቡዕ የተደራጀ ቡድን ነበር። ሲታደን ይውላል፣ የተያዘውም ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ዘመኑ የቤት ለቤት አሰሳው ጋብ ብሎ ጥርጣሬው ግን ጋብ ያላለበት ነው። እኔ ጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ነገሩ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው ስለፈራሁ አይደለም፤ በዕድሜዬ ሲያስፈልግም ሳያስፈልግም ፈርቻለሁ። ያልወጣው አንድ የማላውቀው ሰው የዚያን ቀን ባደረገልኝ ነገር ነው።

ባለቤቴ ዘነበች ታማ ነበር። አንገቷና ብብቷ ሥር እብጠት ወጣባት፣ ልደታ ማርያምን ተሳልማ ለመመለስ እንኳ መንገድ ላይ መቀመጥ ጀመረች። ሐኪሙ ሲመረምራት የደም ነቀርሳ ነው አለን። ነጩ የደም ሴል ያለ ልክ እየተባዛ ነው፣ የሚዋጥ መድኃኒት አለው፣ ግን ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ነው አለ። ወራት ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ መጣ ተባለና በርጩማዬን ገልብጬ ሮጥኩ።

ሐኪሙ ልብስ ሰፊ መሆኔን ስለሚያውቅ በእኔው ቋንቋ ነው ያስረዳኝ። «እያንዳንዱ ሴል ውስጥ እንደ ዚፕ የተያያዘ ድርብ ፈትል አለ። ሴሉ ለሁለት ሊከፈል ሲል ዚፑ መከፈት አለበት። ይህ መድኃኒት በጣም ደቃቅ ስለሆነ የሴሉን ግድግዳ አልፎ ይገባል፤ ገብቶ ዚፑን ግራና ቀኝ አንድ ላይ ይሰፋዋል። ሴሉ መከፈት ያቅተውና ይሞታል።» ዚፕ ላይ በስህተት የሰፋሁበት ሱሪ ትዝ አለኝና ወዲያው ገባኝ። ባለሱሪውም እንደዚያው ሊሞት ምንም አልቀረው ነበር።

ከየት ተገኘ ብዬ ጠየቅሁት። ከጦር መርዝ ነው አለኝ። በጦርነት የመርዝ ጋዝ ያገኛቸው ሰዎች ደማቸው ሲታይ ነጩ ሴል አልቆ ተገኘ። ታዲያ ነጩ ሴል ለበዛበት ሰው ይህ መርዝ መድኃኒት አይሆንም ወይ ብለው አሰቡ። ኬሚስቶቹ መርዙን አንዱን ጫፍ እየቆረጡ፣ ሌላውን እየቀጠሉ፣ መጀመሪያ አይጥ ላይ ኋላም ሰው ላይ እየለኩ፣ በአፍ የሚዋጥ እስኪሆን ገሩት። «ግን ጤነኛ ሰው እንዳይነካው» አለ። «ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ነገር ሁሉ ለእሱ ጠላት ነው፤ አይለይም።»

ይህን ሁሉ እውቀት ተሸክሜ፣ ቡናማዋን ጠርሙስ ኪሴ ከትቼ ስመለስ፣ የኅብረት ሱቁ ስኳር አምጥቷል ሲሉ ሰማሁና ተሰለፍኩ። ከፊቴ ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። «ዘነበች እንዴት ናት?» አሉኝ። የተማረ ሰው መስዬ ልታይ አማረኝ።

«መፍትሔ ተገኝቷል እትዬ አስካለ። በድብቅ ሴሉ ውስጥ ይገባና፣ ልባዛ ሲል ከውስጥ ጠርንፎ ይገድለዋል።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሰልፉ ከአጠገቤ ፈቀቅ አለ። ዘወር ስል ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ የለም። ስኳሩ ጋ ሳልደርስ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ግራና ቀኝ ያዙኝ።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሊቀመንበሩ ተቀምጧል፤ ልጅ እግር ነው፣ ቆጣ ያለ። በሩ ላይ ደግሞ አንድ ሸምገል ያሉ ጥበቃ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ሻይ ይጠጣሉ። ጋሽ ተሰማ ይሏቸዋል። የካኪ ጃኬታቸው ዚፕ ተበላሽቶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሰው ሊታሰር ሲል ዚፕ የሚያይ እኔን ብቻ ነው የማውቀው።

«ሴሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሰው የለበትም ጓድ። ሴሉ ያለው ሚስቴ ደም ውስጥ ነው።»

«ሚስትህም አለችበት?»

«እሷማ ዋናዋ ናት» አልኩ። በሽተኛዋ ማለቴ ነበር።

«መሪው ማን ነው?»

«መሪ የለውም። በሽታውም እሱ ነው፣ ዝም ብሎ መባዛት።»

«በድብቅ ገብቶ የሚገድለውስ?»

እሱን ለማስረዳት ጠርሙሷን ከኪሴ አወጣሁ። ባላወጣት ምን ነበረበት። ሊቀመንበሩ አገላብጦ አያት። የተጻፈባት የፈረንጅ ፊደል ነው። የሐኪሙን ወረቀት ፋርማሲው አስቀርቶታል፣ ሐኪሙም ቅዳሜ ስለሆነ ወደ ቤቱ ሄዷል።

«ይሄማ ስትያዙ የምትውጡት ነው» አለ።

ያን ጊዜ የኅቡዕ ሰዎች ተይዘው ጓደኞቻቸውን እንዳያወጡ መርዝ ይዘው ይዞራሉ ይባል ነበር። እውነትም የዋጡ ነበሩ። እኔ ግን ይህ ሁሉ ሳይታየኝ «መድኃኒት መሆኑን ልዋጠውና እዩ» ብዬ እጄን ወደ ጠርሙሷ ሰደድኩ። ሁለቱ ጥበቃዎች ተወርውረው እጄን ጠመዘዙት።

«ሊሞትብን ነው» አለ አንዱ።

«እሺ፣ አልውጥም።»

«አያችሁ፣ መርዝ መሆኑን ያውቃል» አለ ሊቀመንበሩ።

ስውጥም ወንጀለኛ፣ ባልውጥም ወንጀለኛ ሆንኩ። ሊቀመንበሩ ጠርሙሷን መሳቢያው ውስጥ ከተተና «ሰኞ ወደ ላይ ይላካል፣ ይመረመራል» አለ። ወደ ላይ የተላከ ነገር ሲመለስ አይቼ አላውቅም፤ ሰውም ቢሆን። በእውነት የፈራሁት ያኔ ነው። ለራሴ ብቻ ብዬ አልነበረም። ዘነበች ያንን አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ ደጅ ደጁን እያየች ነበር። ሌላ ጠርሙስ እስኪመጣ የምትቆይ አይመስለኝም ነበር።

ስለዚህ ለመንኩት። ዚፑን ነገርኩት። የራሴን ጃኬት ከፍቼ ዘግቼ አሳየሁት። ስርበተበት የጋዙንም ታሪክ ነገርኩት። «መጀመሪያ የጦር መርዝ ነበር ጓድ፣ ኋላ ነው የተገራው» አልኩ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አነሳ። ሞኝ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አካፋውን ይዞ ነው የሚገባ።

ቀድመው የተናገሩት ግን ጋሽ ተሰማ ናቸው።

«የምን መርዝ?» አሉ ከበሩ።

«ከአውሮፕላን የሚረጨው፣ ጋሼ። ቆዳ የሚልጠው። የዚያ ዘመድ ነው።»

የሻይ ብርጭቋቸውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡና ቀረብ አሉ። «እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «ልጅ ሆኜ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሰሜን ጦር ግንባር እንደ ካፊያ ወርዶብኛል። ጀርባዬን ቢያየው ይሄ ልጅ ምሳውን አይበላም።» ሊቀመንበሩን ማለታቸው ነው። «አንዲት ፍሬ ስጠኝ።»

«ጋሽ ተሰማ፣ ይተዉ» አለ ሊቀመንበሩ።

«እሱ ቢውጠው ሊሞት ነው ትላለህ። እኔ ሴል የለኝም፣ ጡረታም የለኝም። ጠጅ አሳላፊስ መጀመሪያ በመዳፉ ቀምሶ አይደል ለሰው የሚሰጠው?»

እኔም ይተዉ አልኳቸው። ሐኪሙ ጤነኛ እንዳይነካው ብሏል አልኩ። «ጤነኛ ማን አለህ?» አሉና፣ ፍሬዋን ተቀብለው በቀረው ሻይ ዋጧት።

ከዚያ ሁላችንም ቁጭ ብለን እሳቸውን አየን። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ያያል፣ ጥበቃዎቹ እጃቸውን ያያሉ፣ እኔ ከንፈራቸውን እያየሁ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እደግማለሁ። እሳቸው ቢወድቁ እኔም አብሬ ወደቅሁ፣ ዘነበችም አብራን።

«ምን ይሰማዎታል?» አለ ሊቀመንበሩ ቆይቶ።

«ሻዩ ስኳር የለውም። ይሄ ሰውዬ ሰልፉን በተነው።»

ጥበቃዎቹ ሳቁ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አስቀመጠን። በመጨረሻ ጠርሙሷን ከመሳቢያው አውጥቶ ገፋ አደረገልኝ። «ሁለተኛ ሴል እንዳትል» አለኝ።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ሕዋስ በል።»

«እሱም ያው ነው» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና «በቃ፣ ዝም በል» አለ።

ጋሽ ተሰማ እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። ለምን እንዳደረጉት ጠየቅኋቸው። «ያ መርዝ ስንቱን ወንድሜን በላ። ለአንድ ሰው እንኳ የሚበጅ ከሆነ ፊቱን ልየው ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ የጃኬታቸውን መርፌ ቁልፍ እያሳዩ «ውለታ መመለስ ካሰብክ ይህን ዚፕ ቀይርልኝ፤ እንደ ሚስትህ ሴል አልዘጋ ብሎኝ ነው» አሉኝ። በነጋታው አመጣለሁ ብዬ ማልኩ።

ዘነበች የዚያኑ ዕለት መዋጥ ጀመረች። እያደር እብጠቱ ጎደለ። ፀጉሯ ይረግፋል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ቢሳሳ እንጂ አልረገፈም፤ የቤቱ ራሰ በራ እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ። በሽታው ፈጽሞ አልለቀቃትም፣ ግን ሁለቱን ሴት ልጆቿን እስክትድር ቆይቷታል። ያ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዚፑን ግን በነጋታው አልወሰድኩም። ካኪ ቀለም እስካገኝ ቀናት አለፉ። ይዤ ስሄድ በሩ ላይ ሌላ ጥበቃ ቆሟል። ጋሽ ተሰማን ብዬ ስጠይቅ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ተዛውረዋል። ለምን ፈለግካቸው?» አለኝ። በዚያን ጊዜ «ለምን ፈለግካቸው» የሚል ሰው ፊት ብዙ አይቆምም። «እንዲያው ነው» ብዬ ተመለስኩ። መዛወራቸውን ያኔ አላመንኩም፣ አሁንም አላምንም።

ጌጃ ሰፈር ፈርሶ አሁን ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የልጅ ልጄ ባዮሎጂ ስታጠና «ሴል» ባለች ቁጥር መስኮቱን ልዘጋ እነሳለሁ፤ ትስቅብኛለች። የስፌት መኪናዬን ሸጫለሁ፣ ዓይኔም መርፌ አያስገባም። ዚፗ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ናት። አልፎ አልፎ አውጥቼ እከፍታታለሁ፣ እዘጋታለሁ፤ እንዳትዝግ ሻማ እቀባታለሁ። የጋሽ ተሰማ ናት።