ከቡና ማጠቢያው በታች

ይህ ነገር ሁለት የፊት ጥርሶቼንና የአንድ ወቅት እንጀራዬን አሳጥቶኛል። ቡና ስነግድ ከዚህ የባሰ ከስሬ ስለማውቅ አላማርርም።

ያስታወሰኝ ልጄ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአጠገባችን ከአማን ከተማ ደውሎ፣ «አባዬ፣ ሕፃኑን ስታጥቡ ሸለፈቱን ወደ ኋላ ሳቡት ይሉናል ጎረቤቶች፤ ቆዳው ደግሞ አልሳብ አለ» አለኝ። «ተው! ማንም በግድ እንዳይነካው!» ብዬ ስጮህ ሚዛን ከተማ ገበያ ያለ ደላላ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የሕፃን ሸለፈት ከሥሩ ካለው ጋር የተጣበቀ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይላቀቃል። እስከዚያ ከላይ ከላዩ ማጠብ ይበቃል። እኔ ስለዚህ ቆዳ የተማርኩት ደም እየተፋሁ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቴፒ አጠገብ አንድ ቡና ማጠቢያ ውስጥ በቀን ሥራ ተቀጥሬ ነበር። እሸቱ የሚቀላበት ወቅት ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ አየሩም የሚብላላ የቡና ገለባ ሽታ። ከሥራ ስንወጣ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ እንበላና ወንዝ እንወርዳለን። የምንታጠበው የማጠቢያው እጣቢ ከሚገባበት በታች ነበር፤ ለእግር ይቀርባላ!

አባቴ ግርዛቴን ዛሬ ነገ ሲል ሞተ፤ እኔም እንዲሁ ቀረሁ። ሠራተኛው ሁሉ ማሳከክ እስኪይዘው ድረስ ማንም ልብ አላለኝም። ጭኑን የማያክ ጠፋ። የጫኞቹ አለቃ ዘነበ፣ በሬ የሚያክል ሰው፣ ጥፋተኛውን አገኘሁ አለ።

«ይሄ ሸለፈታም ነው በሽታውን ውሃው ውስጥ የሚለቀው!»

«ጋሼ ዘነበ፣ እርስዎ ተገርዘው ብብትዎን ምን ያሳክክዎታል?» አልኩት።

ሰዉ ሳቀ። ጉዱን ያመጣው ያ ሳቅ ነው።

በማግስቱ ከወንዙ ስወጣ አራት ጫኞች ያዙኝና ድንጋይ ላይ በጀርባዬ ጣሉኝ። ዘነበ ምላጭ ይዟል።

«አትንፈራገጥ፤ እጄ ከሳተ ብዙ ይቆረጣል» አለኝ።

አንዱን እጁን ነከስኩት፤ አጥንት እስኪሰማኝ። በቡጢ አፌን ሲለኝ ጥርሶቼ ረገፉ። እጄ እንደተለቀቀ ቡና የምንገፋበትን የእንጨት መግፊያ፣ ላጥበው ይዤው የወረድኩትን፣ አንስቼ በጠርዙ የዘነበን ፊት መታሁት። ጮኸ። ወደቀም። ደግሜ መታሁት፤ ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር።

የማጠቢያው ዘበኞች ሁለታችንንም ጤና ጣቢያ ወሰዱን። ሲስተሯ ከንፈሬን ሰፍታ፣ ታሪኩን ሰምታ፣ መረመረችኝ።

«ምንም የለብህም። የአንዱ ሸለፈት ረጅም፣ የሌላው አጭር ነው፤ ሁሉም ጤና ነው። እንዴት ነው የምትታጠበው?»

«ትናንት ከተሰደብኩ ወዲህ በልብስ ሳሙና እየፈተግሁት ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ጆንያ ነው እንዴ! ቀስ ብለህ ሳበው፣ በንጹህ ውሃ እጠበው፣ ከዚያ ወደ ቦታው መልሰው። ሳትመልሰው ከተውከው ያብጣል።» ወደ ዘበኞቹም ዞረች፤ «ያሳከካችሁ የቡናው እጣቢ ነው። ከማጠቢያው በላይ ታጠቡ።»

ሠራተኞቹ ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ላይ ወጡ፤ እከኩም ተወ። እኔ በጠብ ተባረርኩ።

ይህን ሁሉ ለልጄ በስልክ አልነገርኩትም፤ የሲስተሯን ቃል ብቻ አቀበልኩት። ዘነበ ዛሬ ማሻ ላይ ማር ይሸጣል። በዚያ ሳልፍ ከእሱ እገዛለሁ፤ ስለ ወንዙ አንስተን አናውቅም። በአላዋቂነት የሰነዘረው እሱ ነው፤ እውነቱ ከእኔ ጋር ነበር። የግራ ዓይኑ ጠፍቷል።