የመለስኩት ኪኒን

ኦሎምፒያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡና አንደኛው በትህትና «ለጥቂት ደቂቃ ትፈለጊያለሽ» አለኝ። በስልኬ ጽፌ ስለለጠፍኩት ጽሑፍ እንደሆነ ገባኝ። ሰልፌን እንዳላጣ ከኋላዬ ለቆመችው ልጅ «መጣሁ» ብያት ሄድኩ።

የታሰርኩባት ክፍል ከአየር ማረፊያው ብዙም አትርቅም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ግድግዳው ላብ ላብ ይላል። አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬያችንን አቋርጠን እስኪርቅ እንጠብቃለን። ከአጠገቤ የሚተኙት ሴትዮ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ሱቅ አላቸው። ልጃቸው ተፈልጎ ስለታጣ እሳቸው ገብተዋል። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። የመጀመሪያው ቀን ብርድ ልብሳቸውን አካፍለውኛል።

ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ይመላለስብኝ ጀመር። ቀን ድካም፣ ማታ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከዚያ ላብ። ከመታሰሬ በፊት የተሰበረው የመንጋጋ ጥርሴም ድዱ አብጦ ነበር።

«ታይፎይድ ነው» አለች አንዷ።

«ታይፈስም አለበት።»

«አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱ ተለያይተው ያውቃሉ?»

ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሌላ ነገር ፈርቼ ነበር። በልጅነቴ የታመምኩት ቶንሲል አንዱን የልቤን በር አበላሽቶታል። የሚከታተለኝ ሐኪም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከያዘሽ ደምሽ ሳይወሰድ ምንም ዓይነት አንቲባዮቲክ እንዳትውጪ። ከድድም ሆነ ከሌላ ቦታ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ የተጎዳው በር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጥቂት ኪኒን ትኩሳቱን ያበርደዋል፤ ባክቴሪያውን ግን በምርመራ እንዳይገኝ ይደብቀዋል እንጂ አይገድለውም። የሚገድለው በደም ሥር ለሳምንታት የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

እትዬ ከራሳቸው ሕመም የተረፈ ኪኒን በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ያስቀምጡ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቋጠሮውን ፈቱ። ቀይና ቢጫ አንቲባዮቲክ ነው። በአንድ እጃቸው ውሃ ይዘው ኪኒኑን ወደ አፌ አስጠጉ።

«በሞቴ» አሉ።

ጠግቤ እንኳ ጉርሻ መልሼ አላውቅም። በሞቴ የተባለ ነገር እምቢ ስል የሰማኝ ሰው የለም። ክፍሉ ሁሉ ያየኛል።

«አልችልም፣ እትዬ።»

«በሞቴ አልኩሽ እኮ፣ የኔ እናት።»

ኪኒኑን ከጣታቸው ወስጄ መዳፋቸው ላይ መለስኩት፤ ጣቶቻቸውንም በእጄ አጠፍኳቸው።

«የተማረ ሰው እየሞተም ይመርጣል» አለች አንዷ ከጥግ።

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ለጀርባቸው አስረዳኋቸው፤ ስለ ልቤ በር፣ ኪኒኑ ስለሚደብቀው ነገር፣ ደም መጀመሪያ መወሰድ እንዳለበት። ስጨርስ ዞር አሉ።

«የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋቸው። ጆሯቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ። አውሮፕላን መጣ። ጆሯቸውን ሳያነሱ እስኪያልፍ ጠበቁና እንደገና አዳመጡ።

«እንደሚያፈስ ቧንቧ ነው የሚለው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ተነሥተው የክፍሉን በር በጣሳ ይመቱት ጀመር።

ተረኛዋ ፖሊስ መጣች። «ምን ሆናችኋል?»

«ልጅቷ ልቧን ታማለች።»

«ሐኪም ሰኞ ነው የሚመጣው።»

እትዬ ወደኔ ዞሩ። እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ስንት ጊዜ ፌርማታ ያለፈኝ ሰው ነኝ። ተነሥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

«የልቤ በር ላይ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ሳልጀምር ደሜ መመርመር አለበት። ሰኞ ድረስ ላልቆይ እችላለሁ።»

«ምን አልሽ?»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ትታኝ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ስሜ ተጠራ።

ሆስፒታል ከሁለቱም ክንዶቼ ደም ተወሰደ፤ ልቤም በአልትራሳውንድ ታየ። የፈራሁት ሆኖ ተገኘ። ለሳምንታት መድኃኒቱ በደም ሥሬ እየገባ፣ አንድ እጄ ካልጋው ጋር ታስሮ ተኛሁ። ካቴናው መርፌው ካለበት እጄ ወደ ሌላው እንዲዛወርልኝ የሚጠብቀኝን ፖሊስ ጠየቅሁት። አዛወረልኝ።

ሕክምናው ሲያበቃ በዋስ ተፈታሁ። እትዬ ቀድመውኝ ወጥተው ነበር።

የልቤ በር ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ ያፈሳል፤ ክትትሌን አላቋርጥም። አልፎ አልፎ ቡልቡላ እትዬ ጋ እሄዳለሁ። ስለ ልጃቸው አልጠይቃቸውም፤ ሲነግሩኝ እሰማለሁ። ሌላ እንግዳ ካለ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያሉ ያጎርሱታል። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን ሳህኑን ይዘው ቆም ይላሉ።

«ትበያለሽ?»

መልሴን ይጠብቃሉ። ባለፈው እሑድ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳቸው። ሳህኑን አስቀመጡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ ወሬያችንን ቀጠልን።