ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረኝ ጩኺልኝ

ሉማሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ታናሽ እህቴ ውድነሽ ዛሬ በብስክሌት ከዚህ ተነሥታ ደብረ ማርቆስ ትገባለች። አንደኛ የወጣችው ብቻ ለክልሉ ውድድር ባሕር ዳር ትሄዳለች። እኔ በሚኒባስ ቀድሜ ሄጄ መጨረሻው አካባቢ እጠብቃታለሁ። ትናንት እንዲህ ብላኛለች፦

«እታለም፣ ቀድሜ ከወጣሁ እቃጠላለሁ፤ ከዘገየሁም አልደርስባቸውም። ልክ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረኝ ጩኺልኝ።»

«እኔ? ሰው ፊት?»

«አንቺ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ የማውቀው ያንቺን ድምፅ ነው።»

እኔ ሰርግ ላይ እንኳ እልል ስል ከንፈሬ እንጂ ድምፄ አይወጣም። ዓይኗን ዐይቼ ግን እሺ አልኩ።

መንገድ ላይ፣ 1 ሰዓት

ግራ ቀኙ የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ የገለባ ክምር፣ ወደ ገበያ የሚነዱ አህዮች። ከጎኔ ነጭ ጋቢ የለበሱ የደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር ተቀምጠዋል። ሾፌሩ ጋሽ አያሌው በወጣትነታቸው ብስክሌት ይወዳደሩ ነበር፤ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ዛሬው ነው።

«የሚፈሩት ሦስት ልጆች ናቸው። ትርንጎ ጥይት ናት፤ ስትነሣ አታያትም። ግን ቶሎ ታልቃለች። መሠረት ደግሞ ጭኗ ግንድ ነው። ከሩቅ ትጀምርና ሰው አድክማ ትገባለች።»

«ሦስተኛዋስ?» አሉ የኔታ።

«ውድነሽ? ቀጭን ናት። ከሰው ጀርባ ተደብቃ ትመጣና መጨረሻ ላይ ብቅ ትላለች።»

«ተደብቆ መምጣት ስርቆት አይደል?»

«የምትሰርቀው እኮ ንፋስ ነው፣ የኔታ! የፊቷ ንፋሱን ስትገፋ የኋላዋ ጉልበቷን ትቆጥባለች።»

«ንፋስ ከሆነስ ንስሐ አያስፈልገውም።»

ሚኒባሱ በሳቅ ተሞላ። የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ አፍሽን ሉማሜ ረሳሽው እንዴ? ማንን ትደግፊያለሽ?»

«ቀጭኗን» አልኩ። እህቴ ናት ማለት አፈርኩ።

አምበር፣ 1 ሰዓት ተኩል

መኪናው ቆመ። ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዛን። የኔታ ከራሳቸው አንድ ጨመሩልኝ።

«ብዪ፤ ምናልባት ድምፅ ያወጣልሻል።»

ደብረ ማርቆስ፣ 3 ሰዓት

መጨረሻው አስፋልቱ ላይ በኖራ የተሠመረ ነጭ መስመር ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት መቶ ሜትር በእርምጃ ቆጥሬ፣ ቀይ በር ያለው ወፍጮ ቤት ፊት ቆምኩ። ከእኔ ወዲያ፣ ተወዳዳሪዎቹ በሚመጡበት በኩል፣ ለጥምቀት የተሰቀለው ሪባን ገና አልወረደም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆኖ ከምሰሶ ምሰሶ ተወጥሯል። ሥሩ ሰው ግጥም ብሏል፤ መጨረሻው እሱ መስሏቸዋል። የኔታም ጉዳያቸውን ትተው አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

4 ሰዓት አለፍ ሲል

መጡ! ትርንጎ ድንገት ተነሣች። እውነትም ጥይት ናት። ሪባኑ ሥር ስትደርስ እልልታው ቀለጠ፤ እሷም ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ መርገጥ ተወች። መሠረት ግን አንገቷን ቀብራ በጎኗ አለፈች። ከመሠረት ጀርባ ያለችው ውድነሽ እልልታውን ስትሰማ ቀና አለች። እግሯ ቀዘቀዘ። አለቀ ብላ ነው!

ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ከዚያ የማላውቀው ድምፅ ከውስጤ ወጣ፦

«ውዴ! አላለቀም! ገና ነው! ርገጪ!»

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፤ ወዲያው ከመቀመጫዋ ተነሣች። እያለፈችኝ ስትሄድ የጎማዋን ፉጨት ሰማሁ። እኔም አብሬ ሮጥኩ፤ ነጠላዬ ወድቆ ቀረ። መሠረት ከሩቅ ስለጀመረች ትከሻዋ መወዛወዝ ጀምሯል። ጎን ለጎን ሆኑ። ነጩ መስመር ላይ የእህቴ የፊት ጎማ ቀደመ። ግማሽ ጎማ! ከዚያ የበለጠ አይደለም።

ውድነሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ትርንጎ መጥታ ሳመቻት። «ለሪባኑስ አንደኛ ነኝ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። የኔታ ነጠላዬን አራግፈው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

መልስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ብስክሌቱ የሚኒባሱ ጣራ ላይ ታስሯል። ውድነሽ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች፤ ባሕር ዳር በሕልሟ ሳትደርስ አትቀርም።

«እህቷ ኖረሻል ለካ!» አሉ ጋሽ አያሌው በመስታወቱ እያዩኝ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን።»

ልነግራቸው ፈለግሁ። እውነት ፈለግሁ። አፌን ስከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

«ተዋት፣ አያሌው» አሉ የኔታ። «የዓመቱን ድምፅ ዛሬ ጨርሳዋለች።»