ኦቦ ቶለሳን ወንጀለኛ ያደረግኩበት ትምህርት

ይህን ለባሌም፣ እሑድ እሑድ አብሬያቸው ለምጸልያቸው ሰዎችም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ የምናገረው ደፍሬ አይደለም፤ በራሴ ላይ ያለብኝ ንዴት አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

ከአምቦ ወዲህ ባለች ትንሽ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። የዚያን ቀን ያነበብነው አጭር የወንጀል ልብ ወለድ ነው፤ ባለሱቅ ተገድሎ የተገኘበት። ድባቡን ከዝናቡና ከተዘጉት መስኮቶች አወጣን። ወደ ገጸ ባሕርዩ ስንመጣ፣ "ደራሲው ይህን ሰው እንድንጠረጥረው ያደረገን በምንድን ነው?" አልኳቸው። "አይናገርም፤ መሬት መሬት ያያል፤ ግድግዳ ታክኮ ይሄዳል" አሉኝ። ጥሩ መልስ ነበር። ምን አለ እዚያ ላይ ባበቃ! እኔ ግን ክፍሉን ማሳቅ አማረኝ። "እንዲህ ያለ ሰው ግቢያችን ውስጥ የለም?" አልኩ።

"ኦቦ ቶለሳ!" አለ አንዱ ከኋላ። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ነበሩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ስማቸውን ሰሌዳው ላይ ከገዳዩ ስም ሥር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ልጃቸው ጫልቱ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ተነሥታ፣ "ቲቸር፣ አባቴ ዓይኑን ያመዋል። ፀሐይ ይወጋዋል፤ ለዚያ ነው አቀርቅሮ ጥላ ጥላውን የሚሄደው" አለች።

"እኛ የምናወራው ስለ ልብ ወለድ ነው። ተቀመጪ!" አልኳት።

ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ወር ሳይሞላ ከቤተ ሙከራው ማይክሮስኮፕ ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ እያንዳንዳችንን ጠርቶ ስለ ጥበቃው ጠየቀን። እኔ ምን አልኩ? "ግልጽ ሰው አይደሉም፤ የሰው ዓይን አያዩም።" ክፍል ውስጥ ያወራሁትን ደገምኩለት! ጠልቻቸው ነው? አልጠላኋቸውም። ሰው ገና በቁመናው የምለይ አዋቂ መምሰል ስለጣፈጠኝ ነው። ጥላቻ ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር።

ኦቦ ቶለሳ ተባረሩ። ጫልቱ ትምህርቷን አቋረጠች። ማይክሮስኮፑ በኋላ ተሰብሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ፤ የሰበረው መምህር ፈርቶ ደብቆት ኖሯል። "ወይ ጉድ" ተባብለን ወደየክፍላችን ገባን። እኔም ገባሁ። "ሰውዬው ይመለሱ" የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ብናገር እኔስ ምን ብዬ እንደነበር ልጠየቅ አይደል!

ባለፈው ዓመት ጭልሞ ጫካ አጠገብ እንደሚኖሩ ሰምቼ ሄድኩ። ችግኝ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቶለሳ?" ብዬ ሰላም ስላቸው በድምፄ ለዩኝ። ሳላስቀር ነገርኳቸው።

"የክፍሉን ነገር ጫልቱ ያኔውኑ ነግራኛለች" አሉ። "ለርዕሰ መምህሩ ያልሽውን ግን ገና አሁን ሰማሁ።" ባልዲውን አስቀመጡ። "ይቅር እንድልሽ ነው የመጣሽው?"

"አዎ።"

"ተቀመጪ ያልሻት እሷን ነው። እሷን ጠይቂ። አሁን ከደጄ ሂጂልኝ።"

ጫልቱ አምቦ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ቤቱን አውቀዋለሁ። ሁለቴ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ምኑ ነው የሚያስፈራኝ? እኔን ማን ሰሌዳ ላይ ጻፈኝ? ማን ከእንጀራዬ አባረረኝ? ይኸው ደግሞ እሷን ትቼ ለእናንተ እጽፋለሁ! ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተን አልበደልኩም።